በዓይኔ በብረቱ

በኅዳር ወር የሮቤ መናኸሪያ ጠዋት ጠዋት መርፌ ቢጥሉበት መሬት አይደርስም። የስንዴው አጨዳ የደረሰበት ጊዜ ስለሆነ ደላላው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጆንያ ተሸካሚው፣ ወደ አጋርፋና ወደ ጎሮ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ በአንድ በር ይጋፋል። ፍቅረሥላሴ በዚያ ሰኞ ጠዋት እዚያ የተገኘው ሚስቱን ወለተኢየሱስን ለመሸኘት ነበር። አጋርፋ ያለችው እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ነው። የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን ጣራ ላይ አስጭኖ፣ በመስኮት በኩል «ስትደርሺ ደውዪ» ብሎ ገና ፊቱን ሲያዞር አንዲት ልጅ ጮኸች።

«ቦርሳዬን! ኧረ ቦርሳዬን!»

ዞር አለ። በሁለት አውቶቡሶች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ አንድ ሰው ሲሮጥ አየ። ምን ያህል አየ? ያን ዕለት ቢጠይቁት «ሁሉንም» ነበር የሚለው። ሰውየው በአውቶቡሱ ጀርባ ታጥፎ ከመሰወሩ በፊት ፍቅረሥላሴ ሦስት ጊዜ ያህል እንኳ አልተነፈሰም።

ልጅቷ ፈርዶሳ ትባላለች። አጋርፋ ኮሌጅ ልትመዘገብ እየሄደች ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ የትምህርት ማስረጃዎቿ ዋናዎቹ አሉበት። ፎቶ ኮፒ አላስቀረችም። መሬት ላይ ተቀምጣ «የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ!» እያለች ጭንቅላቷን ትይዛለች። ፖሊስ መጣና «ያየ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ እግሩን እግሩን አየ። ምስክር መሆን ማለት ሥራ ፈትቶ መመላለስ መሆኑን የማያውቅ የለም።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ፍቅረሥላሴ። «በዓይኔ በብረቱ።»

ቃሉንም እንደ ደብዳቤ አሳምሮ ሰጠ፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሽርጥ የታጠቀ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙ የማያልፍ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት። መጨረሻ ላይ ማንም ሳይጠይቀው «የቆላ ሰው ነው» ሲል ጨመረ። «ከጎሮ ወዲያ ከሚመጡት ነው። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

ፖሊሱ ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀውም። ፍቅረሥላሴን ሮቤ ውስጥ የማያውቀው የለምና። ሃያ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል። የጠፋ ፋይል ቢኖር የትኛው መደርደሪያ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደነበረ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል። በመሥሪያ ቤቱ «ፍቅሬ አለ» ከተባለ ማኅተም እንዳረፈበት ወረቀት ነው የሚቆጠረው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከጣቢያ ተደወለለት። ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተይዟል። ሄደ። ሳጅን ጉዲና፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፣ ወንበር አቀረበለትና ተጠርጣሪውን አስመጣ። ረጅም ነው፤ ቀጭን ነው፤ ሽርጥ ታጥቋል። በያዘው ፌስታል ውስጥ ጥቂት ብርቱካንና አንድ ጥንድ አዲስ የሴት ካልሲ ተገኝቷል። ቦርሳ ግን አልተገኘበትም።

«የሴት ካልሲ!» አለ ፍቅረሥላሴ በልቡ። «ይኼው!»

ሽርጡ አረንጓዴ ሳይሆን ሰማያዊ ነበር። ይህንንም አየ። የጠዋት ብርሃን ነገር ነው፣ ቀለም ያሳስታል ብሎ እዚያው በልቡ አስተካከለው።

«እሱ ነው?» አለ ሳጅን ጉዲና።

ተጠርጣሪው ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ በደንብ ይዩኝ» አለ፣ የኦሮምኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ። «ስሜ ዋቆ ነው። እርስዎን አላውቅዎትም፤ እርስዎም አያውቁኝም። በደንብ ይዩኝ።»

«አይቼሃለሁ» አለ ፍቅረሥላሴ። ወደ ሳጅኑም ዞሮ «እሱ ነው» አለ፤ ፈረመ፤ ወጣ። ወደ ቢሮ ሲመለስ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ በሚሆንበት ዘመን አንድ ሰው ደፍሮ መሰከረ።

ማታ እራት ላይ የሆነውን ለልጁ ለረድኤት አጫወታት። ረድኤት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ አባቷ የሚያወራውን ሁሉ በጥሞና ማዳመጥ ልማዷ ነው። ጠባሳው ላይ ሲደርስ ግን ጉርሻዋን ያዝ አደረገች።

«ግራ ቅንድቡ ላይ ነው ያልከው?»

«ግራ ቅንድቡ ላይ።»

«አባዬ፣ ያ ጎሮ ላይ ፈረስህን የወሰደው ሰውዬ ጠባሳውስ የት ነበር?»

ፍቅረሥላሴ የውኃ ብርጭቆውን አነሣና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

የፈረሱን ታሪክ በዚያ ቤት ውስጥ የማያውቀው የለም። ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ነው። መኪና ጠፍቶ፣ ደብዳቤ ለማድረስ የአባቱን ዳማ ፈረስ ጭኖ ጎሮ ወረደ። የገበያ ቀን ነበር። ሽርጥ የታጠቀ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ውኃ አጠጣው፤ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው፤ «ጉዳይህን ጨርሰህ እስክትመጣ ፈረሱን እኔ እይዝልሃለሁ» አለው። ሲመለስ ሰውየውም ፈረሱም የሉም። ኮርቻው እንኳ የአያቱ ነበር። በእግሩ፣ መንገድ ላይ አድሮ ሮቤ ገባ። አባቱ አቶ ተሰማ ከአልጋቸው ሳይነሱ «ፈረስ ለቆላ ሰው ያስያዝክ ልጅ፣ ነገ ሚስትህንም አስይዘው» አሉት። ሕመምተኛ ነበሩ፤ መስቀልን ሳይደግሙ ሞቱ። ያን ቃል አላነሡለትም። ከዚያ ወዲህ ፍቅረሥላሴ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ሲጠጋው እጁ ኪሱን ይጠብቃል። ማንም አላስተማረውም፤ እጁ ራሱ ተማረ።

«ጠባሳ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አላት በመጨረሻ።

«አይደለም። ጣቢያ ያየኸውስ ሰው ጠባሳ አለው?»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የዋቆን ፊት በሐሳቡ አመጣው፦ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ «በደንብ ይዩኝ» ሲል የተንቀጠቀጠው ከንፈሩ። ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ፊቱ ይጠፋበታል፤ እንደገና ሲመጣ የዚያኛው፣ የጎሮው ሰውዬ ፊት ሆኖ ይመጣል። የትኛው ነው የሮጠው? መናኸሪያ ውስጥ ያየው ጀርባ ነው ፊት? ሰው እየሮጠ ሲሸሽ ፊቱ እንዴት ይታያል?

«ዞር ብሎ ነበር» አለ። «ዞር ሳይል አይቀርም።»

ረድኤት ሰሐኑን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ኢህሳን ሱቅ ጎራ አለ። ኢህሳን የልብ ወዳጁ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ተጎራብተዋል፤ በፋሲካም በኢድም አንዱ ካንዱ ቤት አይጠፋም። ኢህሳን የተወለደው ጎሮ ነው። ይህንን ፍቅረሥላሴ ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው እንደ ፋይል ቁጥር ነው እንጂ አስቦበት አያውቅም።

የሆነውን ሁሉ ነገረው። ኢህሳን የስኳር ጆንያ እየፈታ ቀና ሳይል አዳመጠውና «ታዲያ ምን ልበልህ?» አለ።

«አንተ ታውቃቸዋለህ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋሉ አይደል? አንተ እኮ እንደነሱ አይደለህም፤ ስለዚህ…»

ኢህሳን የጆንያውን ክር ለቀቀ።

«ፍቅሬ፣ ይቺን ‘እንደነሱ አይደለህም’ የምትላትን ነገር ስንት ጊዜ ነግረኸኛል?»

«ማመስገኔ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ዝም ስል የኖርኩት። አባቴ ከነሱ ነው። ወንድሞቼ ከነሱ ናቸው። አንተ ግን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጎሮ ላይ ያገኘኸውን ሌባ ለሁላችን አባት አደረግከው፤ በየቀኑ የምታየኝን እኔን ደግሞ አውጥተህ ለብቻዬ አስቀመጥከኝ። እኔ ጥሩ ከሆንኩ ለምን ለነሱ አልተቆጠረላቸውም?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፣ ኢህሳን። ቀምሼው ነው።»

«ልጥ መሆኑን እያወቀ ልጡን እስር ቤት አይከተውም።» ኢህሳን ይህን ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ፣ እኔም ንጹሕ ነኝ አልልህም። ሰሞኑን አጨዳ የመጡት የደቡብ ልጆች ሱቄ ሲገቡ ዓይኔ ከእጃቸው አይነቀልም። ከመካከላቸው አንድም ሰው አልሰረቀኝም። እንዴት እንደሆነ እንጃ። ሒድ፣ ሰውየውን እየው።»

ፍቅረሥላሴ ከሱቁ ሲወጣ ተናዶ ነበር፤ በማን እንደተናደደ ግን አያውቅም።

ጣቢያ ሄዶ ዋቆን እንዲያሳዩት ለመነ። አመጡለት። በመስኮቱ ብርሃን አጠገብ አቁሞ አየው። ቅንድቡ ላይ ምንም የለም። ቀኝም ግራም። የሕፃን ግንባር እንኳ እንዲህ አይጠራም።

«ጠባሳ የለህም» አለው፤ እንደ ወቀሳ ነው የወጣው።

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«ካልሲው የማን ነው?»

«የእናቴ። ጎባ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እግሯን ቀዶ ጥገና አድርገዋታል። እኛ አገር ሙቀት ነው፤ የጎባን ብርድ አልቻለችውም። ከኔ በቀር አስታማሚ የላትም። ከትናንት ጀምሮ የት እንደገባሁ አታውቅም።» ዋቆ አንገቱን ደፍቶ «ይፍቱኝ አልልም፤ እሱን መንግሥት ያውቃል። አንድ ሰው ብቻ ሄዶ ‘ደኅና ነው’ ይበልልኝ» አለ።

ፍቅረሥላሴ እዚያው «ተሳስቻለሁ» ቢል አንድ ነገር ነበር። ነገር ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት፦ ሌባስ እናት የለውም? የታመመች እናት ስላለችው አልሰረቀም ማለት ነው? ጠባሳውን እኔ ከጎሮ አምጥቼ ለጠፍኩበት እንበል፤ የሮጠው ግን እሱ ቢሆንስ? ቁመቱ ልክ ነው፤ ቅጥነቱ ልክ ነው። ደግሞስ ቁመቱን በርግጥ መናኸሪያ ውስጥ ነው ያየሁት ወይስ እዚህ፣ ይኸው አሁን?

«ሳጅን፣ ትንሽ ላስብበት» አለ።

ሳጅን ጉዲና ግንባሩን ቋጠረ። «ጋሽ ፍቅሬ፣ ሰው ያላየውን ያስባል። ያዩት ነገር ደግሞ ይታሰብበታል እንዴ?»

ፍቅረሥላሴ ከቢሮ ፈቃድ ጠየቀ፤ በአገልግሎት ዘመኑ ከሦስት ጊዜ በላይ አድርጎት አያውቅም። ከምግብ ቤት ሽሮ በእንጀራ አስቋጠረ፤ ሳጅኑን ለምኖ የዋቆን ፌስታል ተቀበለ፤ በጎባ ሚኒባስ ተሳፈረ። ግራና ቀኝ ስንዴው ወርቅ መስሏል፤ ጎባ ሲቃረቡ ግን ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። አጠገቡ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ ተቀምጦ ያንቀላፋል። የፍቅረሥላሴ እጅ ኪሱ ላይ ነው። አየውና አነሣው። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ ሲያየው ተመልሶ ኪሱ ላይ ነው።

የዋቆ እናት ሲምቦ ይባላሉ። አልጋቸው ጥግ ላይ ነበር። ኮት የለበሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክርቢቶ የሰካ ሰው ወደ እሳቸው ሲመጣ ሲያዩ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ከትራስ ሥር የነበረ የታጠፈ ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ ይሁን ሌላ፣ በፍጥነት ወደ ጀርባቸው ሸጎጡ።

«አካም ጂርቱ፣ እናቴ» አለ ፍቅረሥላሴ በኦሮምኛ። ጨዋታው ሁሉ ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ነበር።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ጌታው። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ዋቆ ልኮኝ ነው። ደኅና ነው። ሮቤ ላይ ጉዳይ ይዞት ነው የቀረው።»

ሴትየዋ እስክርቢቶዎቹን ነው የሚያዩት። «ጸሐፊ ነህ?» አሉ፤ «ጌታው» ማለቱን ትተውት።

«አዎ፤ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት መልስ እንደመጣ ሁሉ። ምግቡን አስቀመጠላቸው፤ ካልሲውን አወጣ። እግራቸውን ማጠፍ ስለማይችሉ፣ የሚያለብስም ሰው ስላልነበረ፣ ጎንበስ ብሎ ደኅነኛውን እግር ራሱ አለበሳቸው። እግሩ እንደ በረዶ ነበር። ሲምቦ ከላይ ሆነው ሲያዩት ቆዩ።

«እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ» አሉ፣ «እንዳንተ ያለ ሰው ቤታችን መጣ። ኮት ነበረው፤ እስክርቢቶ ነበረው። ሳቂታ ነበር። ወተት ሰጠነው፤ ጠጣ። ስለ ከብቶቻችን ጠየቀን፤ ስለ ጉድጓዳችን ጠየቀን፤ አማቼ ከመቆፈሪያው ጋር ዕድሜያቸውን የጨረሱበት የውኃ ጉድጓድ ነው። የነገርነውን ሁሉ ጻፈ። በዓመቱ ሌላ ሰው ወረቀት ይዞ መጣና ጉድጓዱ የናንተ አይደለም፣ እንዲህ ተጽፏል አለን። ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶ ያለው ሰው እያለቀሰ ቢነግረኝ አላምነውም።»

«ሁላችንም…» ብሎ ጀመረ ፍቅረሥላሴ። «ሁላችንም እንደዚያ አይደለንም» ሊል ነበር። ተወው። ገና ትናንት በዚሁ በኪሱ ባለው እስክርቢቶ የልጃቸውን መታሰር ፈርሟል። እሳቸው በአንድ ጸሐፊ የተነሣ ጸሐፊን ሁሉ ጠሉ፤ ይህ ስህተት ነው እንዳይል፣ ሁለተኛው ጸሐፊ ይኸው አልጋቸው ሥር ተንበርክኳል።

«ግን» አሉ ሲምቦ፣ የለበሰውን እግራቸውን እያዩ፣ «አንተ ካልሲ አለበስከኝ። እንዴት ነው ነገሩ? ምን ፈልገህ ነው?»

«እናቴ፣ ዋቆ ጉዳይ ይዞት አይደለም የቀረው። ታስሯል። ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ። ሲሰርቅ አይቼዋለሁ ብዬ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ አንድ አስታማሚ ዞር ብሎ አየ። ሲምቦ አልጮኹም። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አይተኸዋል?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅህ ለምን አየሁ አልክ?»

«ያየሁ መስሎኝ።»

«ታዲያ እዚህ ለምን መጣህ? ልትለምነኝ ነው? ልታየኝ ነው? ሌባ የወለደች ሴት ምን እንደምትመስል ልታይ?»

ፍቅረሥላሴ ይህንንም አያውቀውም ነበር። «አላውቅም» ማለት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ። በዕድሜው እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሲምቦ የምግቡን ፌስታል በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት፤ ብርቱካኑን ግን፣ ልጃቸው የገዛው ነውና፣ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ልጄን አምጣልኝ» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሮቤ ሲመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። በቀጥታ ጣቢያ ገባና ቃሉን እንደሚያነሣ ተናገረ።

ሳጅን ጉዲና ወረቀቶቹን ወደ ጎን አደረገ። «ጋሽ ፍቅሬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ወይ ትናንት ዋሽተዋል፣ ወይ ዛሬ እየዋሹ ነው። የትኛው ነው?»

«ሁለቱንም አልዋሸሁም። ትናንት አይቻለሁ ስል አይቼ ነበር። ዛሬ ሳየው ያየሁት ሌላ ሰው ነው፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የማውቀው ሰው። ሽርጥ አየሁ፣ ሩጫ አየሁ፤ የቀረውን ከራሴ ነው የሞላሁት።»

«ስለዚህ ይህ ሰው አልሰረቀም?»

«አልሰረቀም አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት።»

«‘አላውቅም’ ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እንደዚያው ይጻፉልኝ።»

ፈርዶሳ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ስትመላለስ ነው የዋለችው። ነገሩን ስትሰማ ተነሥታ መጣችበት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምን ሰጡዎት?» አለችው።

«እ?»

«ቤተሰቦቹ ምን ሰጡዎት? የቢሮ ሰው መቼም ሳይሰጡት ቃሉን አይለውጥም። የአባቴን ፋይል ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው እጅ ቡና እንኳ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሊጮህባት ቃጣውና፣ ልጅቷ የቆመችበትን ቦታ አወቀው። እሱ ራሱ ትናንት ጠዋት የቆመበት ቦታ ነው። አታውቀውም፤ ግን አይታዋለች። ምን ይበላት?

«ምንም አልሰጡኝም፣ ልጄ» አለ። እሷ አላመነችውም። ለማመን ምንም ምክንያት አልነበራትም።

በዋቆ ላይ ሌላ ማስረጃ ስላልተገኘ በማግስቱ ጠዋት ተለቀቀ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የፈርዶሳ ቦርሳ ከከተማው ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ውስጡ የነበረው ስልኳ የለም፤ ወረቀቶቹ ግን ጤዛ አርሷቸው፣ ጠርዛቸው በስብሶ፣ ቁጥሮቹ እየተነበቡ ተገኙ። ኮሌጁም ተቀበላት። ማን እንደሰረቀው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወለተኢየሱስ ከአጋርፋ ተመልሳ ሁሉንም ስትሰማ «እንኳን አነሣኸው፤ አሁን ተወው» አለችው። መተው ግን አልሆነለትም። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲጠየቅ ቦታውን ከመናገሩ በፊት ሄዶ ማየት ጀመረ። ልክ ሆኖ ያገኘዋል፤ ግን ያያል። የሥራ ባልደረቦቹ አረጀ አሉ። ዓይኑን ሲጨፍን አሁንም በአውቶቡሶቹ መካከል የሚሮጠው ዋቆ ነው፤ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጠባሳ የሌለው ንጹሕ ግንባሩን ወደ እሱ አዙሮ። እንዲያ እንዳላየው ያውቃል። ማወቁ ሥዕሉን አላጠፋለትም። ይህንን ለረድኤት ሲነግራት «እኔም አላውቅም አባዬ» አለችው። ከኢህሳን ጋር ሰላምታው አልተቋረጠም፤ ጨዋታው ግን ቀዝቅዟል። ፍቅረሥላሴ ስለ ቆላ ሰው ክፉ ማውራት ትቷል፤ የተወው ግን ኢህሳንን ፈርቶ ይሁን ተለውጦ ለኢህሳን መለየት ይቸግረዋል። ለራሱ ለፍቅረሥላሴም ይቸግረዋል።

በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሲምቦ ከሆስፒታል እንደሚወጡ ሰማ። ጎባ ወጣ። ዋቆ እናቱን በጀርባው አዝሎ ከበሩ ወደ ኮንትራት መኪናው እያመጣቸው ሳለ ፍቅረሥላሴ ደረሰ። ሲምቦ ቀና ብለው አዩት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ዋቆ እናቱን የኋላ ወንበር ላይ ካስተካከለ በኋላ ወደ እሱ መጣ።

«ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት» አለ ፍቅረሥላሴ።

«አሳሰሩኝ፤ አስፈቱኝ» አለ ዋቆ። «የትኛውን ነው ይቅር የምለው? ጣቢያ ሁለት ሌሊት ስተኛ የማስበው፣ ያ ጸሐፊ አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው የሚል ነበር። ከዚያ አዮ፣ እናቴ፣ ‘ካልሲ ያለበሰኝ እሱ ነው’ አለችኝ። ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም።»

«እኔም አልቻልኩም።»

«ትናንት አዮ ‘ያ ሰውዬ ደግ ነው ክፉ?’ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የማውቅዎት መስሏት ነው።»

«ምን አልካት?»

«ምን ልበላት፣ ጋሼ? አላውቀውም አልኳት።»

ዋቆ እጁን አልዘረጋለትም፤ ፊቱንም አላጠቆረበትም። «ደኅና ይሁኑ» ብሎ ከሾፌሩ ጎን ገባ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሲምቦ በመስኮቱ በኩል አዩት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሲመርቁት ይሁን ሲረግሙት በመስታወቱ ውስጥ አልሰማም። እጁን ያንሣ አያንሣ ሲያመነታ መኪናው ታጥፎ ጉሙ ውስጥ ገባ።